ዘበኛው የታሰረበት ቅዳሜ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። እውነት ብቻም አይደለም፤ በዚህ ዓለም ከተነገሩ እውነቶች ሁሉ ይበልጥ የታጠበ፣ የተተኮሰ፣ ታጥፎ የተቀመጠ እውነት ነው። የተጠራጠረ ሰው ካለ ወደ ትልቁ ላውንደሪ ይሂድና የመተኮሻ ክፍሉን ሴቶች አንድ በአንድ ይጠይቅ። ቃል ሳያዛንፉ፣ አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ እየጨረሰች፣ በልጆቻቸው እየማሉ ይነግሩታል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከመካከላቸው አንዷ፣ የሎጋ እናት፣ ቆማ አንቀላፋች። እንዳንቀላፋችም ቀኝ እጇን ከአንሶላው ጋር ለማሽኑ አቀበለች። ሌላ ጥፋት የለም፤ ሌላ ጥፋተኛም የለም። በክፍሉ ውስጥ ከሠራተኞቹ በቀር ሰው አልነበረም።

«እንደዚያ ነው የሆነው፤ አይደል?» አለች የቁንጫ እናት፣ እሑድ ጠዋት የልጇን ፀጉር እየጎነጎነች።

 ቁንጫ አንገቷን ማዞር ስለማትችል የእናቷን ፊት አላየችውም። የእናቷ ጣቶች መጥበቅ ግን እስከ ቅንድቧ ድረስ ተሰማት።

«እየጠየቅሁሽ ነው።»

«እንደዚያ ነው» አለች ቁንጫ።

ቁንጫ የምትባለው ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል ነው። ዘጠነኛ ክፍል ደርሳም ቁመቷ ከአምስተኛ ክፍል ልጅ አይበልጥም፤ ፍጥነቷ ግን የተወረወረ ድንጋይ ቀድማ ሄዳ የምትጠብቅ ያህል ነው። ያን ዕለት ጠዋት ግን ፀጉሯ ተጎንጉኖ ካለቀ በኋላ እንኳ ከበርጩማው አልተነሣችም።

ትልቁ ላውንደሪ ሲባል ዝም ብሎ ትልቅ እንዳይመስላችሁ። የከተማው ሆቴሎችና ሆስፒታሎች አንሶላ በሙሉ እዚያ ይገባል፤ ተሰፍቶ ቢቀጣጠል ሰማዩን ሸፍኖ ለጨረቃ ትራስ ልብስ ይተርፋል። እንፋሎቱን ያየ ደመና በቅናት ይበተናል። እዚያ የሚሠሩ ሴቶች ሐዘን ቤት ሄደው እንኳ አያለቅሱም ይባላል፤ የሰውነታቸው ውኃ በሙሉ በላብ አልቆ።

የክፍሉ ጌታ መተኮሻ ማሽኑ ነው። አውቶቡስ የሚያህል የጋለ ጥቅልል ብረት ሳያርፍ ይሽከረከራል። ሁለት ሴቶች ከፊት ቆመው እርጥቡን አንሶላ ጫፍና ጫፉን ይዘው ያጎርሱታል፤ ሁለቱ ከኋላ ደርቆና ተተኩሶ ሲወጣ ይቀበላሉ። ከማሽኑ አፍ ፊት ለፊት ቀጭን የብረት ዘንግ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። እጅ ወይም ክንድ ከነካው ማሽኑ በቅጽበት ቀጥ ይላል። ሴቶቹ «ዘበኛው» ይሉታል።

ችግሩ ዘበኛው ድንጉጥ መሆኑ ነበር። እጅ ብቻ ሳይሆን የተጨማደደ አንሶላ ሲነካውም ማሽኑን ያቆማል። ድሮ አንድ መካኒክ እየመጣ ያረጋጋው ነበር፤ መካኒኩ ሲሰናበት በቦታው ማንም አልተተካም። ማሽኑ በቆመ ቁጥር ሥራ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከሰዓት በፊት የሚመጣው የጭነት መኪና ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ስለዚህ ካረጀ አንሶላ አንድ ቁራጭ ይቀደድና ዘበኛው እንዳይነቃነቅ ከማሽኑ እግር ጋር ይታሰራል። «መስኮቱን ክፈቺው» እንደሚባለው ሁሉ «ዘበኛውን እሰሪው» ይባላል። ማንም አይገረምም፤ እንደዚህ ነው የሚሠራው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቁንጫ እናቷን ተከትላ እየሄደች ትራስ ልብስ ታጥፋለች። እናቷ የክፍሉ ተቆጣጣሪ ናት። የላውንደሪው ሥራ አስኪያጅ ልጅቷን ሲያይ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ይልካል፤ ካላያት ደግሞ የለችም። ጣቶቿ ቀጫጭን ስለሆኑ ማሰሩ የእሷ ሥራ ሆኗል። «የአንቺ ቋጠሮ አይፈታም» ትላታለች እናቷ፤ እሷም በዚያ ትኮራ ነበር።

ያን ቅዳሜ የሎጋ እናት ከፊት ቆማ ነበር። እጄ ደነዘዘብኝ፣ ለትንሽ ጊዜ ዘበኛውን ፍቱልኝ ብላ ነበር። መኪናው ይሂድና ትፈቺዋለሽ አለቻት የቁንጫ እናት። እጇ ሲገባ ሴቶቹ ሁሉ እየጮኹ ዘበኛው ላይ ወደቁበት። አልተነቃነቀም። ቁንጫ ቋጠሮዋን ለመፍታት በጥፍሯም በጥርሷም ታገለች፤ አልተፈታም። በመጨረሻ አንዷ መቀስ አምጥታ ቆረጠችው።

የሎጋ እናት አልተኛችም። ዓይኗ ተከፍቶ ነበር። ቁንጫ አይታዋለች።

ሰኞ ዕለት ከቁንጫ ጎን ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ዋለ። ሎጋ ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከእሷ ያልተለየች ጓደኛዋ ናት። አብረው ሲሄዱ ያየ ሰው ጃንጥላና እጀታዋ ይመስላሉ ይላል።

የኅብረተሰብ መምህሩ ገባ። ተማሪው ሁሉ «ቲቸር ለምን» ይለዋል። አንድ ቀን የሻይ ቤቷን አስተናጋጅ ሻይ በብርጭቆ የሚቀዳው ለምን እንደሆነ ጠይቋት፣ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ሲከራከሩ ውለው ምድጃው በራሱ ጊዜ ጠፋ እየተባለ ይወራል። ሰሌዳው ላይ ትልቅ አድርጎ «ሒሳዊ ሶሲዮሎጂ» ብሎ ጻፈ። ከኋላ የሚቀመጠውና ወሬ የማያመልጠው ሬዲዮ የሚባለው ልጅ፣ ይሄ ደግሞ የየትኛው በሽታ መድኃኒት ነው ብሎ አጉተመተመ።

መምህሩ ረጋ ብሎ አስረዳ። ሶሲዮሎጂ ሰዎች አብረው ሲኖሩ የሚፈጠረውን ያጠናል አለ፤ ቤተሰቡን፣ ትምህርት ቤቱን፣ መሥሪያ ቤቱን። ሒሳዊ ሲሆን ግን አንድ ጥያቄ ይጨምራል። «ድሮም እንዲህ ነው» የሚባለውን ነገር እንዲህ ያደረገው ማን እንደሆነ፣ የሚነገረንም ምክንያት ለማን እንደሚመች ይጠይቃል። ሒስ ማለት ስድብ አይደለም፤ የተሸፈነውን ገልጦ ማየት ነው።

«ቲቸር፣ የሎጋ እናት ቆማ ተኝታ የራሷን እጅ ተኮሰች አሉ» አለ ሬዲዮ። «እሱስ ለማን ይመቻል?»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ቁንጫ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። መምህሩ ሳቁ ራሱ እስኪሰለች ድረስ ቆመ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። «እንቅልፍ የአንድ ሰው ነው። ተኛች ስንል አንዲት ሴት ብቻ ናት የምትታየን። ምን ያህል ቆማ እንደዋለች፣ ማሽኑ በዚያ ፍጥነት እንዲሄድ ማን እንደወሰነ፣ እጅ ሲገባ ማሽኑ ለምን እንዳልቆመ አይታየንም። አንድ ቃል ያን ሁሉ ይሸፍነዋል። ተኝታም ሊሆን ይችላል። እኔ አላውቅም፤ አልነበርኩም።»

ከዚያ ሥራ ሰጣቸው። ከየቤታቸው «ድሮም እንዲህ ነው» የሚባል አንድ ነገር እንዲፈልጉ፣ ማን እንደጀመረው፣ ማን እንደሚጠቀም፣ ማን እንደሚጎዳና ማን ዝም እንደሚል እንዲጠይቁ። መልሱን አታምጡልኝ አለ፤ መልሱ ቤታችሁ ድረስ ሊመጣባችሁ ይችላል።

«ማርክ አለው?» አለ ሬዲዮ።

«የለውም።»

«ታዲያ ለምን እንሠራዋለን?»

«አየህ» አለ መምህሩ፣ «ጀመርክ።»

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ የቁንጫ እናት እግሮቿን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ ነበር። እግሮቿ ጠዋት ከጫማዋ ጋር ይስማማሉ፤ ማታ ግን ጫማዋ ለልጇ አሻንጉሊት የተሰፋ ይመስላል። ሰማያዊዎቹ ደም ሥሮች በባቷ ላይ እንደ ገመድ ተጋድመዋል።

«እማ፣ ዘበኛውን መጀመሪያ ያሰረው ማነው?»

ውኃው ውስጥ ያሉት ጣቶች መንቀሳቀሳቸውን ተዉ። «ምን እያስተማሯችሁ ነው እዚያ?»

«ዝም ብዬ ነው።»

«አንቺ ዝም ብለሽ ጠይቀሽ አታውቂም።»

 ከዚያ እናቷ ዓይኗን ከገንዳው ሳታነሣ ተናገረች። ከእሷ በፊት ሌላ ተቆጣጣሪ ነበረች። ዘበኛውን አላሳስርም አለች፤ መኪናው ግማሽ ጭነት ይዞ ሄደ። ማንም አልተቆጣትም። ብቻ ከወር በኋላ እርጥብ አንሶላ ወደሚሸከሙበት ክፍል ተዛወረች፤ ወገቧ እዚያ አልቻለላትም፤ የውኃ ሽታ ሆና ቀረች። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ የቁንጫን እናት ጠርቶ የተቆጣጣሪነቱን ነጭ ጋዋን ሰጣት።

«ምን አለሽ ሲሰጥሽ?»

«እንዴት አድርገሽ እንደምታደርሺው ማወቅ አልፈልግም፤ ብቻ መኪናው ሳይሞላ እንዳይሄድ አለኝ።»

«እሰሩት አላለሽም?»

«እሱ ምን በወጣው።» እናቷ ሳቀች፤ የሳቅ ድምፅ ነበረው እንጂ ሳቅ አልነበረም። «ስሚኝ የኔ እናት። እውነቱን ተናገርን እንበል። እኔ እሰሩ አላልኩም ይላል፤ አላለም። ታዲያ ማነው የቀረው? እኔ ነኝ። ከእኔ ቀጥሎስ?» አለችና የልጇን ጣቶች አየቻቸው።

ቁንጫ እጆቿን ጉያዋ ውስጥ ሸሸገች።

«አብረን ነው ያረጀነው እኮ» አለች እናቷ፣ ድምፅዋ እየሳሳ። «አንድ ማሽን ፊት። አንቺንም ሎጋንም ስናረግዝ ሆዳችን እየተነካካ ነው አንሶላ ያጎረስነው። ጨክኜ ይመስልሻል?»

አልመሰላትም። የከበዳትም እሱ ነው። እናቷ ክፉ ብትሆን ኖሮ ነገሩ እንዴት በቀለለ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሎጋ ቤት ሄደች። ያ ቤት ከመጥበቡ የተነሣ እንግዳ ሲገባ ግድግዳው ወጥቶ ደጅ ይቆማል ብላ ራሷ ሎጋ ትቀልድ ነበር። ዛሬ ግን አልቀለደችም። በሩን ከፍታ፣ ግቢ ብላ፣ ወደ ውስጥ ተመለሰች። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ እንደ ትራስ ተጋድሟል። ፊቷ ገርጥቷል፤ ሰውነቷ እንጂ እሷ ራሷ እዚያ ያለች አትመስልም።

«እንዴት ነሽ፣ እትዬ?»

«ደህና ነኝ፣ ልጄ። ተቀመጪ።»

ሎጋ ሻይ ልታፈላ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ ሴትየዋ ወደ ቁንጫ ጎንበስ አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደሚያፍር ሰው ጠየቀቻት።

«አንቺ እዚያ ነበርሽ አይደል? እውነት ተኝቼ ነበር እንዴ?»

 ቁንጫን እናቷ ትዝ አለቻት፤ እግሮቿ፣ ነጩ ጋዋን። የራሷ ጣቶችም ትዝ አሏት።

«እኔ… ትራስ ልብስ እያጠፍኩ ነበር። አላየሁም።»

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። «ዓይኔን የጨፈንኩ አይመስለኝም ነበር። ግን ሁሉም ካሉ እንግዲህ ተኝቻለሁ ማለት ነው። ሰው ሲተኛ መተኛቱን በምን ያውቃል?»

«እትዬ፣ ዘበኛው ባይታሰር ኖሮስ?»

«ዘበኛው?» ሴትየዋ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ያልገባት መሰለች። «እሱማ ድሮም እንዲህ ነው።»

ከዚያ ደስ የሚል ወሬ እንዳላት ሁሉ ፊቷን ልታበራ ሞከረች። ሥራ አስኪያጁ መልእክት ልኮላት ነበር። ጥፋቱ የራሷ ስለሆነ ላውንደሪው ለሕክምናዋም ለሌላውም ኃላፊነት የለበትም። ነገር ግን ደግ ሰው በመሆኑ ቦታዋ ለውጭ ሰው እንዳይሄድ አስቦላታል፤ ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ሎጋ ትተካታለች።

ሎጋ ሁለት ብርጭቆ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ከቁንጫ ጋር ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ትምህርቱስ?» አለች ቁንጫ።

«የቱ ትምህርት?» አለች ሎጋ። ብርጭቆውን አቀበለቻት። «ሬዲዮን ቦታዬ ላይ እንዳይቀመጥ ንገሪው። ይገማል።»

ቁንጫ ሻዩን አልጠጣችውም። ሌላውን ብርጭቆ የያዙትን የጓደኛዋን ጣቶች ስታይ ቆየች። ረጃጅም ናቸው፤ ሁሉም አሉ።

ሐሙስ ዕለት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተላከች የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ወደ ላውንደሪው መጣች። ፊቷ ላይ ድካም የሚነበብባት፣ ጫማዋ ወደ አንድ ጎን የተበላ፣ ጎልማሳ ሴት ናት። የሎጋ እናትም እንድትቀርብ ተጠራች። ሎጋ በግራ በኩል ደግፋት፣ ቁንጫ የሴትየዋን ቦርሳ ይዛ፣ ሦስቱም ቀስ ብለው ገቡ። የቁንጫ እናት ልጇን ስታይ ጋዋኗን አስተካከለች፤ የሚስተካከል ነገር አልነበረውም።

ክፍሉ ሙሽራ የሚገባበት ይመስል ነበር። ወለሉ ፊት ያሳያል። ዘበኛው በዘይት ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ግድግዳው ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደላት «ጥንቃቄ የራስ ኃላፊነት ነው» ተብሎ ተጽፏል፤ ፊደላቱ ከመትለቃቸው የተነሣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያልፍ ሰው እንኳ ማንበቡ አይቀርም። ቀለሙ ገና ይሸታል።

ሥራ አስኪያጁ በሐዘን ድምፅ ታሪኩን ተረከ። እንቅልፉን ሲያሳምረው ላየው፣ አብሮ ተኝቶ የነበረ ይመስላል። ቀጥሎ ሴቶቹ ተናገሩ፤ አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ ጨረሰች። ተቆጣጣሪዋ ማሽኑ እንዲነሣ አደረገች። ብረቱ ሲያጓራ የሎጋ እናት ወደ ኋላ ሸሸች። ተቆጣጣሪዋ በአንድ ጣቷ ዘበኛውን ነካ አደረገችው። ማሽኑ ቀጥ አለ።

«ይሠራል» አለች። «ታዲያ ቅዳሜ ለምን አላቆመውም?»

ሥራ አስኪያጁ፣ ተኝታ ወደ ጎን ስለወደቀች ክንዷ ሳይነካው አልፎ ይሆናል አለ። ተቆጣጣሪዋ ወደ ቁንጫ እናት ዞረች።

«አንቀላፍታ ነበር» አለች የቁንጫ እናት፣ ወለሉን እያየች። «ከእኛ በቀር ሰውም አልነበረም።»

«እርስዎስ?»

የሎጋ እናት ፋሻዋን ዳበሰችው። «እንደዚያ ይላሉ» አለች።

 ተቆጣጣሪዋ የሚጨምር ሰው እንዳለ ጠየቀች፤ መልስ ስታጣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ሥራ አስኪያጁ ቀድሟት ወደ በሩ ተራመደ። መንገድ ላይ ሎጋን ሲያገኛት ትከሻዋን መታ መታ አደረጋትና፣ በርቺ፣ ሰኞ በጠዋት እንገናኝ አላት።

ቁንጫ ወደ እናቷ ቀና አለች። እናቷ ቀድማ እያየቻት ነበር። ያ ዓይን ተይ አይልም፤ ተናገሪም አይልም። ሸክም ከብዶት መንገድ ዳር የቆመ ሰው መስሎ ያያል። ቁንጫ የሎጋን እናት ቦርሳ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«አልተኛችም» አለች።

ድምፅዋ ትንሽ ነበር፤ ማሽኑ ቆሞ ስለነበር ግን ሁሉም ሰማ። ተቆጣጣሪዋ ከበሩ ተመለሰች።

«አንቺ ማነሽ?»

«እዚህ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች ቁንጫ። «ዓይኗ ክፍት ነበር። ዘበኛው ታስሮ ነው ያላቆመው። ያን ቀን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ በሌላው ቀን ሌላ ሰው ያስረዋል። ካልታሰረ መኪናው ሳይሞላ ይሄዳል።»